የፓሊየቲቭ ክብካቤ መለኪያዎች በጣና ዳርቻ ሲፈተኑ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው ሰነድ የሀገራትን የፓሊየቲቭ ክብካቤ ዕድገት ለመገምገም ያገለግላሉ ያላቸውን 18 አመልካቾች አቅርቧል። አመልካቾቹ በስድስት መስኮች የተመደቡ ሲሆን እነርሱም የተቀናጀ አገልግሎት፣ የጤና ፖሊሲ፣ የመሠረታዊ መድኃኒቶች አጠቃቀም፣ ትምህርትና ሥልጠና፣ የሕዝብ ተሳትፎ እንዲሁም ምርምር ናቸው። ሰነዱ በጥንቃቄ የተዘጋጀ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ አንድ መለኪያ የሚመዘነው ሊለካው የተነሣውን ነገር በእርግጥ በመለካቱ እንጂ በአቀራረቡ ማማር አይደለም። ስለሆነም በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ተገቢው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ 18ቱም አመልካቾች ቢሞሉ፣ ከቁንዝላ ወይም ከደቅ መጥታ በማኅፀን በር ካንሰር የምትሠቃይ አንዲት እናት ትናንት ሌሊት ተኝታ ማደሯን ወይም ስትቃትት ማንጋቷን ከሰነዱ ማወቅ ይቻላልን?

በወረቀት ረገድ ኢትዮጵያ በብዙዎቹ አመልካቾች ፊት አታፍርም። በነርስነት ሙያ ባገለገሉት በሲስተር ጽጌሬዳ ይስፋወሰን አነሣሽነት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ፓሊየቲቭ ክብካቤ የአጠቃላይ ሕክምና አካል እንዲሆን ከወሰነ በኋላ፣ በ2015 የወጣው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ጉዳዩን አካትቶታል፤ በ2016 ደግሞ ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ክብካቤ መመሪያ ታትሟል። ሞርፊንም በሀገሪቱ የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ፖሊሲ አለን? አለ። መመሪያ አለን? አለ። መድኃኒቱ በዝርዝሩ ውስጥ አለን? አለ። እነሆ፣ ገና አንድ ሕመምተኛ ሳይታይ ሦስት የምልክት ሣጥኖች ተሞሉ። በዚህ ዓይነቱ ቆጠራ ላይ የሚሰነዘረው ሒስ ፖሊሲና መመሪያ አያስፈልጉም ለማለት አይደለም፤ የመሠረት ድንጋይ መቀመጡን የቤት መሠራት አድርጎ መቁጠር አይገባም ለማለት ነው።

ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ ጉድለት የታየበት ሌላ መለኪያም ነበር። ኢኮኖሚስት ኢንተለጀንስ ዩኒት የተባለው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2015 80 ሀገራትን በ20 አመልካቾች አወዳድሮ ‹‹የሞት ጥራት›› ደረጃ አውጥቶላቸዋል። ብሪታንያ አንደኛ፣ ኡጋንዳ 35ኛ ሆኑ። የኡጋንዳ ውጤት ከብዙ ባለጸጎች ሀገራት የተሻለ መሆኑ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳ የሞርፊን ዱቄት በውኃ በጥብጦ በርካሽ ዋጋ የሚታደልበትን ሥርዓት ሲያስለምድ፣ መንግሥትም በ2004 ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ፈቅዷል። ከደረጃ ሠንጠረዡ ይልቅ የሚያስተምረው ይህ ታሪክ ነው። ሠንጠረዡ ራሱ ግን ስሙ የሞት ጥራት ይሁን እንጂ የተዘጋጀው ከሰነዶችና ከባለሙያዎች ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከሟቾቹም ሆነ ከአስታማሚዎቻቸው አንድም ሰው አልተጠየቀበትም።

በቁጥር ረገድ ይበልጥ ጠንካራ የሚመስለው መለኪያ የኦፒዮይድ መድኃኒቶች የነፍስ ወከፍ ፍጆታ ነው። ላንሴት የተባለው መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ ባደረገው ዘገባ በዓለም በየዓመቱ ከሚከፋፈለው 298.5 ሜትሪክ ቶን ሞርፊን አቻ ኦፒዮይድ ውስጥ ለዝቅተኛ ገቢ ሀገራት የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ይህ አኃዝ የዓለምን ኅሊና ለመቀስቀስ ተወዳዳሪ የለውም። አንድን ክልል ለመመዘን ሲፈለግ ግን ይከዳል። በመጀመሪያ፣ አኃዙ ብሔራዊ አማካይ እንደመሆኑ በማዕከላዊ መጋዘን የተመዘገበውን እንጂ በባሕር ዳር ቅርንጫፍ አልፎ በወረዳ ሆስፒታል መደርደሪያ ላይ የደረሰውን አያሳይም። ሁለተኛ፣ በቀዶ ሕክምና ክፍል ለሰመመን የሚሰጡት ፌንታኒልና ፔቲዲንም በድምሩ ውስጥ ይገባሉ። በመሆኑም አንድ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛዎቹን ከሁለት ወደ አራት ቢያሳድግ የኦፒዮይድ ፍጆታው ይጨምራል፤ በሴቶች ክፍል ጥግ የተኛችው የካንሰር ታማሚ ግን የምታገኘው ያው ዳይክሎፌናክ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውና ምናልባትም ዋናው፣ የዓመት ድምር የአቅርቦትን መቆራረጥ አያሳይም። ለስምንት ወራት በበቂ መጠን ተገኝቶ ለአራት ወራት የጠፋ ሞርፊን በዓመቱ መጨረሻ መልካም ድምር ሊያስመዘግብ ይችላል። በየአራት ሰዓቱ መውሰድ ለለመደ ሕመምተኛ ግን የአራት ወር መጥፋት ቀርቶ የሁለት ቀን መቋረጥ እንኳ ሥቃዩን እጥፍ ያደርገዋል። ማንኛውም የፋርማሲ ባለሙያ ቢን ካርዱን ገልጦ መድኃኒቱ ያለቀባቸውን ቀኖች በጥቂት ደቂቃ ሊቆጥር ይችላል። ከነፍስ ወከፍ ሚሊግራም ይልቅ ይህ ተራ ቆጠራ ለሕመምተኛው ይቀርባል።

በሀገራችን የምርምር መስክም አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል፤ እርሱም የባለሙያዎችን ዕውቀት፣ አመለካከትና ተግባር በመጠይቅ መለካት ነው። ሕይወት ካሣና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት በአዲስ አበባ ከተመረጡ ሆስፒታሎች 341 ነርሶችን ጠይቀው፣ ጥሩ ዕውቀት ያላቸው 30.5 በመቶ፣ በጎ አመለካከት ያላቸው 76 በመቶ መሆናቸውን አግኝተዋል። ጥናቱ በጊዜው አስፈላጊ ነበር፤ በመስኩ ለትምህርት ሥርዓቱ ጉድለት ማስረጃ አቅርቧልና። የማያስመሰግነው ይኸው ዓይነት ጥናት በየከተማው መደጋገሙ ነው። የዕውቀት መጠይቆቹ ምንጭ ብዙ ጊዜ በ1990ዎቹ በካናዳ ለነርሶች የተዘጋጀ ባለ 20 ጥያቄ ፈተና ነው። ነርሷ ፈተናውን አልፋ መደርደሪያው ባዶ ቢሆን ምን ይጠቅማል? በአንጻሩ ፈተናውን የወደቀች፣ ነገር ግን የታማሚዋን ትራስ አስተካክላ፣ አፏን አርጥባ፣ ልጇን ጠርታ ያነጋገረች ነርስ ከዜሮ በላይ ምን ነጥብ ታገኛለች? የዕውቀት መጠይቅ ቀላል ነው፤ ጠያቂውም ተጠያቂውም ጤነኞች ናቸው፣ በአንድ ክፍል ተቀምጠው በግማሽ ሰዓት ይጨርሱታል። የመደጋገሙ ምስጢርም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከሕመምተኛው አንደበት መነሣት ግድ ከሆነ እስካሁን ከቀረቡት ሁሉ ለአፍሪካ የሚቀርበው የአፍሪካ ፓሊየቲቭ ክብካቤ ማኅበር ያዘጋጀው የውጤት መለኪያ ነው። ዐሥር ጥያቄዎች አሉት፤ ሰባቱ ለሕመምተኛው፣ ሦስቱ ለአስታማሚው ይቀርባሉ፤ እያንዳንዱም ከ0 እስከ 5 ይመዘናል። ስለ ሥቃይ፣ ስለ ሌሎች የሕመም ስሜቶች፣ ስለ ጭንቀት፣ ስሜትን ለቤተሰብ ስለ ማካፈል፣ የሕይወትን ትርጉም ስለ ማግኘት፣ ስለ ውስጣዊ ሰላም ይጠይቃል። አጭር መሆኑና አስታማሚውን መጨመሩ ያስመሰግነዋል። የነጥቦቹ አቅጣጫ መለዋወጡ ግን፣ ማለትም በአንዳንዶቹ ጥያቄዎች 0 መልካም ሆኖ በሌሎቹ 5 መልካም መሆኑ፣ በሥራ የተወጠረን መዝጋቢ ማሳሳቱ አይቀርም። ከዚህ የበለጠው ፈተና ግን የሚጀምረው ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው።

አማርኛ ሕመም በሚለው አንድ ቃል በሽታንም ሥቃይንም ይጠራል። አንድ የፎገራ ሽማግሌ ‹‹ሕመምዎ ከዜሮ እስከ ዐሥር ስንት ነው?›› ተብለው ቢጠየቁ፣ ‹‹እሱን የምታውቁት እናንተ እንጂ እኔ ምን አውቄ›› ቢሉ ትክክል ናቸው፤ የተጠየቁት የበሽታቸውን ክብደት መስሏቸዋል። ‹‹ሥቃይ›› ቢባል ደግሞ ቃሉ ከብዶ ከሲኦል ጋር ይያያዛል። ሕዝቡ በራሱ አንደበት ሲናገር ውጋት፣ ቁርጥማት፣ ማቃጠል፣ መቅደድ፣ ፋታ መንሣት እያለ በዓይነት ይለየዋል። በነርቭ ላይ የሚደርሰውን ሥቃይ ከአጥንት ሥቃይ ለመለየት ለሚፈልግ ሐኪም ይህ የቃላት ሀብት ከቁጥሩ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ለአሚትሪፕቲሊን ወይስ ለአይቡፕሮፌን የሚመልሰውን ሰው እዚያ ያገኘዋልና። መጠኑን ለማወቅም ‹‹ሌሊት ስንት ጊዜ ቀሰቀሰዎት?››፣ ‹‹እህል አስቀመሰዎት?››፣ ‹‹ወደ ጎን ያስዞርዎታል?›› ብሎ መጠየቅ፣ ወይም የአንድ እጅን ጣቶች ማስቆጠር፣ ከ10 ነጥብ ሚዛን ይልቅ እውነተኛ መልስ ያስገኛል።

‹‹ውስጣዊ ሰላም አለዎት?›› የሚለው ጥያቄ ደግሞ በአማርኛ ከሰላምታ የማይለይ ነው። ‹‹ሰላም ነዎት?›› ለተባለ ክርስቲያን መልሱ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን››፣ ለሙስሊሙም ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ነው፤ በጣር ላይ ያለም ቢሆን። መዝጋቢውም ያለ ጥርጥር 5 ብሎ ይጽፋል። በዚህ መንገድ የተሰበሰበ መረጃ ቢደመር የጣና ዳርቻ ሕሙማን ከስዊድን ሕሙማን የላቀ የመንፈስ ሰላም እንዳላቸው ያሳይ ይሆናል። ምስጋናው ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ የእምነት ቃል ነው እንጂ የጥያቄው መልስ አይደለም። ባሕሉን የሚያውቅ ባለሙያ ከምስጋናው በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው። መጠይቁ ግን የዝምታ ሣጥን የለውም።

ስሜትን ለቤተሰብ ስለ ማካፈል የሚጠይቀውም እንዲሁ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጻፉት ጽሑፍ፣ ክፉ ዜናን በቀጥታ ለሕመምተኛው መንገር በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ጭካኔ እንደሚታይና ዜናው በቅድሚያ ለቤተሰብ ሊነገር እንደሚገባ አስረድተዋል። መርዶ እንኳ በጊዜው፣ በሰው ተከብቦ፣ በማለዳ በሚነገርበት ሀገር፣ ‹‹ሕመምተኛው የበሽታውን ስምና መጨረሻ ያውቃልን?›› የሚል የጥራት መለኪያ ሳይሻሻል ቢወሰድ ልጆቹ በፍቅር የደበቁትን ነገር የአገልግሎት ጉድለት አድርጎ ይመዘግበዋል። ይህም ሲባል ሕመምተኛው የማወቅ መብቱን ይነፈግ ለማለት አይደለም። ‹‹ስለ ሕመምዎ ለማን እንድንነግር ይፈልጋሉ?›› የሚለው ጥያቄ መጠየቅ አለመጠየቁን መመዝገብ ሁለቱንም ያስታርቃል።

ፓሊየቲቭ ኬር በአማርኛ ዘወትር ‹‹የማስታገሻ ሕክምና›› ተብሎ ይመለሳል። ትርጉሙ ከሥራው ግማሹን ብቻ ይዟል። የቀረውን ግማሽ ሕዝቡ ማስታመም በሚለው ቃል ከጥንት ጀምሮ ይዞት ኖሯል፤ አስታማሚም ባለሙያ ሳይሆን እህት፣ ምራት፣ ጎረቤት ናት። የትርጉሙ መጥበብ መለኪያውንም አጥብቦታል፤ መድኃኒት ይቆጠራል፣ ማስታመም አይቆጠርም።

በጣና ዙሪያ የመድኃኒት መታዘዝና መዋጥ አንድ አለመሆኑም ሊታሰብበት ይገባል። ፈሳሽ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ይወሰዳል። በጾም ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ወደ አፋቸው የማያስገቡ ምእመናን ብዙዎች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን ከጾም ብታሰናብትም፣ በተለይ አዛውንቱ ‹‹ልሞት ስል እንዴት ልሻር?›› ይላሉ። ለጠበል ሱባኤ የገባው ደግሞ መድኃኒቱን ከነጭራሹ ሊያቋርጥ ይችላል። ይህን የሚፈታው የሐኪም ቁጣ ሳይሆን የንስሐ አባት አንዲት ቃል ናት። ስለሆነም ‹‹ስንት ታማሚዎች ሞርፊን ታዘዘላቸው?›› የሚለው አመልካች ‹‹ከታዘዘላቸው ስንቶቹ ትናንት ስንት ጊዜ ወሰዱ?›› በሚለው ሊተካ ይገባል።

በዚሁ አንጻር የማኅፀን በር ካንሰር ያለባትን ሴት መመልከት ያሻል። ደም የሚፈስሳት ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ከደጅ ትቆማለች። የፈሳሹ ጠረን ደግሞ ከደጅም፣ ከማኅበርም፣ ከቡናም ያርቃታል። ለእርሷ መንፈሳዊ ክብካቤ የሚጀምረው ደሙን በመቀነስና ጠረኑን በማጥፋት ነው፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ የሚነሰነስ ሜትሮኒዳዞል፣ ንጹሕ ጨርቅ። የሜትሮኒዳዞል ክኒን በየጤና ጣቢያው ይገኛል፤ ዋጋውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሆኖም ‹‹በዚህ ወር ጎረቤት ጋር ቡና ጠጡ?›› ወይም ‹‹ቅጥር ግቢ ደርሰው ተሳለሙ?›› የሚል አመልካች በየትኛውም ሰነድ የለም። መንፈሳዊው አንድ ሣጥን፣ አካላዊው ሌላ ሣጥን ሆነው ተለያይተዋልና።

ወደ ተደራሽነት ሲኬድ የመለኪያዎቹ ጉድለት በካርታ ላይ ሳይቀር ይታያል። የጤና ተቋም ተደራሽነት የሚሰላው በአብዛኛው በተቋሙ ዙሪያ ክብ በመሥራትና በክቡ ውስጥ የወደቀውን ሕዝብ በመቁጠር ነው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውኃ ነው። ክቡ ሐይቁን አቋርጦ ያልፋል፤ ሕመምተኛው ግን አያልፍም። በካርታው ለባሕር ዳር ቅርብ የሆነው የደቅ ደሴት ነዋሪ ወደ ከተማው ለመምጣት የሞተር ጀልባ ይጠብቃል። በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል ዘጌን፣ ደቅንና ቁንዝላን እየነካ ይመላለስ የነበረው የመንገደኞች መርከብ ለብዙ ዓመታት የሚጓዘው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። የደንገል ታንኳ ለዓሣና ለማገዶ ይሆናል እንጂ አጥንቱ በካንሰር ለተበላ ሰው አይሆንም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ የጀልባ መውጫና መግቢያን ያውካል። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ራሱ ሐይቅ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተከሠተው ግጭት ደግሞ መንገድን በየጊዜው አዘግቷል። ተደራሽነት እንግዲህ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ቀን ነው፤ ያውም ከወር ወር የሚለዋወጥ።

በደሴቶቹ ላይ ከዚህም የረቀቀ ጉዳይ አለ። የገጠሩ የጤና አገልግሎት ምሰሶ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲሆን ሠራተኞቹ በአመዛኙ ሴቶች ናቸው። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ባሉት ገዳማት ደግሞ ሴት አትገባም። በነዚህ ገዳማት ያሉ በዕድሜ የገፉ መነኮሳት በቤት ለቤት ክብካቤ ዕቅድ ውስጥ ቢቆጠሩም በተግባር ማንም አይደርሳቸውም ማለት ነው። ይህን ለማቃናት ትልቅ በጀት አያስፈልግም፤ ከመነኮሳቱ መካከል አንዱን ወይም ሁለቱን ማሠልጠን ይበቃል። መነኮሳቱ እርስ በርስ በመጠባበቅና የሚሞተውን ብቻውን ባለመተው ረገድ ለሆስፒታሎች የሚያስተምሩት ቢኖር እንጂ የሚማሩት ብዙ አይደለም። የሚጎድላቸው መድኃኒቱና አሰጣጡ ብቻ ነው።

በዋጋ ረገድ ያለውን በአጭሩ ማንሣት ይቻላል። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 በሙከራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች ፎገራና ደቡብ አቸፈር ይገኙበታል። መድኑ የካርድና የሕክምና ክፍያን አቃልሏል። የጀልባና የመኪና ክፍያን፣ የአስታማሚን ስንቅና የአልጋ ኪራይን ግን አይሸፍንም። ሞርፊን ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚታዘዝ ከሆነ ይህ ወጪ በየሳምንቱ ይደገማል። የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት መጠን አንድ ጊዜ መስጠት ቁጥጥሩን ሊያላላ ይችላል ተብሎ ይፈራ ይሆናል፤ ሆኖም ‹‹በሁለት ማዘዣዎች መካከል ያለው ጊዜና የጉዞው ርዝመት›› የሚለው አመልካች ከየትኛውም ጥራት መለኪያ ጋር መቀመጥ አለበት።

በሆስፒታል የጥራት መለኪያዎች ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊታረም የሚገባው የተኝቶ ታካሚዎች የሞት መጠን የሚሰላበት መንገድ ነው። የሞት መጠን ሲቀንስ ተቋሙ ይመሰገናል። በመሆኑም በሞት አፋፍ ያለን ሕመምተኛ አልጋ ሰጥቶ፣ ሥቃዩን አስታግሦ፣ ቤተሰቡን አጽናንቶ በክብር ያሰናበተ ሆስፒታል ነጥብ ይቀነስበታል፤ ‹‹ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ውሰዱት›› ብሎ ከበር የሸኘው ይጨመርለታል። ቤተሰቡም ቢሆን ለመውሰድ አያመነታም፤ ምክንያቱም አስከሬን ማጓጓዝ ሕይወት ያለውን ከመውሰድ እጅግ የከበደ ወጪ አለውና፣ ቀብሩም ካደገበት ደብር እንዲሆን ይፈለጋልና። በካርዱ ላይ ‹‹ፈርሞ ወጣ›› ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለማንም ሪፖርት አይደረጉም።

በምዕራባውያን ጽሑፎች ደግሞ ‹‹በቤት መሞት›› የጥሩ ክብካቤ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። እዚያ ብዙው ሰው በሆስፒታል ስለሚሞት በቤት ለመሞት መቻል የምርጫ መከበር ነው። በጣና ዳርቻ ግን በቤት መሞት የተለመደው ዕጣ ነው። አንድ ሞርፊን ያልደረሰው ገበሬ ዘንዘልማ ላይ በጎጆው ቢሞት በዚህ አመልካች የተሳካ ክብካቤ እንዳገኘ ይቆጠራል። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ‹‹በቤቱ፣ መድኃኒቱ በራስጌው ሆኖ፣ የሚጎበኘው ባለሙያ እያለ›› የሚል ተጨማሪ ሐረግ ሲጨመርበት ብቻ ነው።

የቀረው የአካፋዩ ጉዳይ ነው፤ አገልግሎቱን ያገኙት ከስንቶች መካከል ናቸው? የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ነው፤ ሞትን ለማስመዝገብ የሚመጣው ሰውም ርስትና ጡረታ ካላስገደደው በቀር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ የዋና ከተማዋን ሕዝብ ይመዘግባል፤ የከተማውን አኃዝ ለጣና ገበሬ ማባዛት ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሆኖም ሞትን በጥንቃቄ የሚመዘግቡ ሁለት አካላት በየመንደሩ አሉ፤ እድርና ደብር። ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ አበባ የመቃብር ቦታዎች የተካሄደው የቀብር ምዝገባ በኤድስ የሚከሰተውን ሞትና ከፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት መስፋፋት በኋላ የታየውን መቀነስ ለመለካት አገልግሏል። በባሕር ዳርና በአካባቢው ያሉ የእድር ጸሐፊዎች መዝገባቸውን ለጤና ጣቢያቸው ቢያካፍሉ፣ በዓመቱ ከሞቱት ውስጥ ስንቶቹ ለረጅም ጊዜ ታመው እንደ ሞቱ ለማወቅ ይቻላል። የሕንዷ ኬረላ እ.ኤ.አ. በ2008 የክፍለ ሀገር ፖሊሲ ያወጣችው ከዚያ ቀደም በየሠፈሩ የተደራጁ በጎ ፈቃደኞች ሥራውን ስላስለመዱት ነው። እድር ደግሞ ከዚያ የቆየና የጠነከረ ማኅበር ነው፤ ችግሩ ሥራውን የሚጀምረው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ብቻ ነው።

ሟቹን መጠየቅ ስለማይቻል አስታማሚውን መጠየቅ ግድ ነው። ጊዜው መቼ ይሁን ለሚለው ባሕሉ መልስ አለው። በቀብር ሰሞን መጠየቅ ነውር ነው፤ ከአርባው በኋላ ግን ቤተሰቡ ይረጋጋል፣ ስለ ሟቹ ማውራትም ይወዳል። ‹‹በመጨረሻዎቹ ሰባት ቀናት እንቅልፍ ነበራቸው? መድኃኒት ጠፍቶባችሁ ነበር? ማንን ጠራችሁ፣ ማን መጣ?›› የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የተለመደ ጉብኝት ውስጥ ሊካተቱ ይችላሉ። ከአንድ ወረዳ በዓመት ሠላሳ ወይም አርባ ቤቶች ቢጠየቁ፣ ከመቶ ነርሶች የአመለካከት መጠይቅ የበለጠ ይነግራሉ።

ይህን ሁሉ ማን ይሠራዋል የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። በፈለገ ሕይወትም ሆነ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጥበበ ግዮን፣ እንደ ማንኛውም የሀገሪቱ ትልቅ ሆስፒታል፣ ነርሷ በአንድ ፈረቃ የምትሞላቸው መዝገቦች ብዙ ናቸው። የሥቃይ መጠን ከሙቀትና ከደም ግፊት ጋር አምስተኛ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ ሲደረግም የታየው አደጋ፣ ቁጥሩ በየስድስት ሰዓቱ መጻፉ እንጂ ከተጻፈ በኋላ የተደረገ ነገር መኖሩ አለመታየቱ ነው። ‹‹7›› ተብሎ ሦስት ጊዜ ተጽፎ መድኃኒት ያልተሰጠበት ቻርት ለሕመምተኛው ምንም አልጠቀመም፤ በሪፖርቱ ግን መቶ በመቶ የተመዘገበ ይባላል። ስለዚህ አንዱ ዓምድ ለቁጥሩ፣ ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለሚወሰደው ቁጥር ይሁን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ መጠየቅ በራሱ ክብካቤ ነው። ለዚህ ዓምድ ቦታ የሚገኘው ደግሞ ከነባሮቹ አንዱ ሲሰረዝ ነው፤ የትኛው ይሰረዝ የሚለውን ቅጹን የሚያሳትመው ቢሮ ከመወሰኑ በፊት በሌሊት ፈረቃ የሚሞሉትን ነርሶች ይጠይቅ።